ሁሉም ፋሺስት ከተባለ ፋሺስቱ ማን ነው?

በዲሴምበር 1952 የጆሃንስበርግ ፍርድ ቤት ኔልሰን ማንዴላን ጨምሮ 20 ሰዎችን በኮሚኒስትነት ጥፋተኛ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰዎቹ ያደረጉት የአፓርታይድን ሕጎች በአደባባይና በሰላም የመጣስ ዘመቻ መምራት ነው። ተከታዮቻቸው «ለነጮች ብቻ» በተባለ በር ይገባሉ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ይንቀሳቀሳሉ፣ ሰዓት እላፊ ይጥሳሉ፣ ፖሊስ ሲመጣ ሳይታገሉ እጃቸውን ይሰጣሉ። ከተከሳሾቹ መካከል እውነተኛ ኮሚኒስቶች ነበሩ። ያልሆኑም ነበሩ፤ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሐኪሙ ጄምስ ሞሮካ እንዲያውም ከኮሚኒስቶቹ ጋር ላለመቆጠር ብለው የራሳቸውን ጠበቃ ለብቻ አቁመዋል። አልጠቀማቸውም። ዳኛው ፍራንስ ራምፍ ሁሉንም «በሕግ በተደነገገው ኮሚኒዝም» ጥፋተኛ ካሉ በኋላ፣ ይህ ክስ ሰዎች በተለምዶ ኮሚኒዝም ከሚሉት ነገር ጋር እንደማይገናኝ ራሳቸው ተናገሩ። ቅጣቱ የ9 ወር እስራት ከከባድ ሥራ ጋር ሆኖ ለ2 ዓመት ታገደ።

ዳኛው ሕጉን አላጣመሙም፤ የተጣመመው ሕጉ ነው። በ1950 የወጣው ኮሚኒዝምን የማፈኛ ሕግ ኮሚኒዝምን ሲተረጉም በማርክስና በሌኒን አስተምህሮ አላቆመም። ሁከት ወይም ሥርዓት አልበኝነት በማነሣሣት በአገሪቱ ፖለቲካዊ፣ ኢንዱስትሪያዊ፣ ማኅበራዊ ወይም ኢኮኖሚያዊ ለውጥ ለማምጣት የሚያልመውን ሁሉ ጨመረበት። ሥርዓት አልበኝነት ምን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ለውጡን የማይፈልገው መንግሥት ነው። ራምፍ ቢያንስ ቃሉና ሰዎቹ እንደማይገጥሙ አምነዋል። ዛሬ በቴሌቪዥን ክርክርና በማኅበራዊ ሚዲያ ታፔላ የሚለጥፈው ሰው ይህን ያህል እንኳ አያምንም።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባራክ ኦባማ በ2010 የፈረሙት የጤና መድን ሕግ በአብዛኛው በግል የመድን ኩባንያዎች ላይ የቆመ ሆኖ ሳለ ተቃዋሚዎቹ «ሶሻሊዝም» አሉት። በ2024 የምርጫ ዘመቻ ዶናልድ ትራምፕ ተፎካካሪያቸውን «ጓድ ካማላ» እያሉ ይጠሩ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ክትባትን የተቃወሙ ሰልፈኞች ጀርመን ውስጥ «ያልተከተበ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ኮከብ ደረታቸው ላይ ለጥፈው አደባባይ ወጡ፤ ናዚዎች አይሁዶችን ወደ ሞት ካምፕ ከመላካቸው በፊት ያስለጠፉባቸውን ኮከብ ማለት ነው። በሌላው ጎራ ደግሞ የስደተኛ ቁጥር ይቀነስ ያለ ሁሉ፣ የፖሊስ በጀት ይጨመር ያለ ሁሉ «ናዚ» ሲባል መስማት እንግዳ አይደለም። ነገሩ የቀኙ ብቻ ወይም የግራው ብቻ በሽታ አይደለም።

አሜሪካዊው የሕግ ባለሙያ ማይክ ጎድዊን ገና በ1990 የኢንተርኔት ውይይት በረዘመ ቁጥር አንዱ ሌላውን ከሂትለር ወይም ከናዚዎች ጋር የማመሳሰሉ ነገር የማይቀር እየሆነ እንደሚሄድ በቀልድ መልክ ጽፈው ነበር። ሰዉ ቀልዱን እንደ ዳኛ ፊሽካ ይዞ «ሂትለርን የጠራ ተሸነፈ» ማለት ጀመረ። ጎድዊን ግን ማመሳሰልን ለመከልከል አልነበረም ያሉት፤ የሚያመሳስለው ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ታሪኩን እንዲያስብ እንደነበር ደጋግመው ተናግረዋል።

በዚህ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ የጨዋነት ቅሬታ ነው፤ ሰው አይሰደብ፣ ክርክር ይከበር የሚል። እኔን ይህ ብዙም አያስጨንቀኝም። ፖለቲካ ያለ ስድብ ኖሮ አያውቅም፤ አንዳንዱ ተሰዳቢም የሚገባው ነው። ጣጣው «ፋሺስት»፣ «ናዚ»፣ «አሸባሪ»፣ «ጽንፈኛ» የሚሉት ቃላት ስድብ ብቻ አለመሆናቸው ነው። ክስ ናቸው። ሌባ የሚለው ክስ እንደሆነው ሁሉ፣ እነዚህም አንድ ሰው አንድ የተወሰነ ነገር አድርጓል ወይም ሊያደርግ ተዘጋጅቷል ይላሉ። ያለ ማስረጃ የሚደጋገም ክስ ደግሞ ሰሚ ያጣል፤ ከዚያ የሚያተርፈው ክሱ በእውነት የሚገባው ሰው ነው። ሁሉም እንደዚያ በሚባልበት ቦታ እሱም «እንደ ሌላው ሁሉ ስሜን አጠፉት» ብሎ ከንጹሐኑ መሐል ይቆማል። የልቅ ፍረጃ ትልቁ ተጠቃሚ ጽንፈኛው ራሱ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን አይተወውም? ስለሚያዋጣ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር፣ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተጻፉ ከ560 ሺህ በላይ የትዊተር መልእክቶችን መርምረዋል። የሞራል ፍርድንና ስሜትን ባንድ ላይ የያዘ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቃል የመልእክቱን መዛመት በ20 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። ከዚህ የበለጠ የሚነግረን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ መልእክቱ የሚዛመተው ከሌላው ጎራ ይልቅ በራስ ጎራ ውስጥ ነው። ፍረጃ ለተቃዋሚ የተጻፈ ይመስላል እንጂ አንባቢው የራስ ወገን ነው። ማንንም አሳምኖ አያውቅም፤ ሥራውም ማሳመን አይደለም። ወገንን መቁጠሪያ፣ ወላዋዩን ማስፈራሪያ ነው።

ይህ መቁጠሪያ ወዴት ሊወስድ እንደሚችል ከዋይማር ጀርመን፣ ማለትም ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ በፊት ከነበረችው የጀርመን ሪፐብሊክ፣ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም፤ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ።

በ1920ዎቹ መጨረሻ መቀመጫውን ሞስኮ ያደረገው የዓለም ኮሚኒስት ፓርቲዎች ድርጅት፣ ኮሚንተርን፣ አዲስ መስመር አወጣ። ካፒታሊዝም ሊወድቅ ነው፣ አብዮቱ ደጅ ደርሷል፣ ሠራተኛውን ከአብዮቱ የሚያዘናጋው ቀንደኛ ጠላት ደግሞ ሶሻል ዴሞክራቱ፣ ማለትም በአብዮት ሳይሆን በምርጫ ለውጥ የሚፈልገው ግራ ክንፍ፣ ነው የሚል። ስታሊን ቀድሞ በ1924 ሶሻል ዴሞክራሲን የፋሺዝም ለዘብተኛ ክንፍ ብሎት ነበር። በዚህ መንገድ «ሶሻል ፋሺስት» የሚል ስያሜ ተስፋፋ፤ በአፉ ሶሻሊስት፣ በሥራው ፋሺስት ለማለት። በኤርነስት ቴልማን የሚመራው የጀርመን ኮሚኒስት ፓርቲ ስያሜውን የዕለት ቋንቋው አደረገው።

ቂሙ ከባዶ የተነሣ አልነበረም። በጃንዋሪ 1919 የሶሻል ዴሞክራቶቹ መንግሥት የበርሊንን አመፅ ያስደመሰሰው ፍራይኮር በሚባሉ የቀኝ ታጣቂዎች ነው፤ የኮሚኒስቶቹ መሪዎች ሮዛ ሉክሰምበርግና ካርል ሊብክኔክት የተገደሉትም በእነሱ እጅ ነው። በሜይ 1929 ደግሞ በሶሻል ዴሞክራት የሚታዘዘው የበርሊን ፖሊስ በሠራተኞች ቀን ሰልፍ ላይ ተኩሶ ከ30 ሰው በላይ ሞተ። ይህን ያየ ኮሚኒስት ሶሻል ዴሞክራቱን ነፍሰ ገዳይ ቢለው ምክንያት ነበረው። ነፍሰ ገዳይ ግን አላለውም፤ ፋሺስት አለው። ልዩነቱ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ አይደለም። ነፍሰ ገዳይ ያልከው ሰው ላይ ፍርድ ትጠይቃለህ። ፋሺስት ካልከው ግን እሱና ሂትለር አንድ ሆኑብህ፤ ከአንዱ ጋር ሆኖ ሌላውን መከላከል የሚባል ነገር ከሐሳብህ ወጣ።

እንዲያውም ተገላቢጦሹ ሆነ። ፕሩሺያ ከጀርመን ግዛትም ሕዝብም ከግማሽ በላይ የምትይዝ፣ በሶሻል ዴሞክራቶች የምትመራ ክፍለ ግዛት ነበረች። በኦገስት 1931 ቀኝ ክንፉ የፕሩሺያን ምክር ቤት ለመበተን ሕዝበ ውሳኔ ሲያስጠራ ኮሚኒስቶቹ ከናዚዎች ጋር አንድ ወገን ቆመው ይበተን አሉ። «ቀዩ ሕዝበ ውሳኔ» ብለው ስም አወጡለት። ሙከራው ከሸፈ። ሶሻል ዴሞክራቶቹም ቢሆኑ ዝም አላሉም፤ ኩርት ሹማኸር በ1930 ኮሚኒስቶቹን ቀይ ቀለም የተቀቡ የናዚዎች ግልባጭ ብለዋቸዋል። ሁለቱ ፓርቲዎች አንዱ ሌላውን ናዚ ሲሉ እውነተኛዎቹ ናዚዎች ድምፅ እየሰበሰቡ ነበር።

በኖቬምበር 1932 ምርጫ ናዚዎች 196 መቀመጫ አገኙ፤ ሶሻል ዴሞክራቶች 121፣ ኮሚኒስቶች 100። ሁለቱ ሲደመሩ 221 ናቸው። ቁጥሩን ብቻ ደምሮ «ቢተባበሩ ሂትለር አይነሣም ነበር» ማለት ይከብዳል፤ ሥልጣኑን የሰጡት ሽማግሌው ፕሬዚዳንት ሂንደንበርግና በዙሪያቸው የነበሩት ወግ አጥባቂዎች ናቸው፣ በሁለቱ የግራ ፓርቲዎች መካከልም ከስያሜ የጠለቀ ጠብ ነበር። ይሁንና ስያሜው ሒሳቡን ለመሞከር እንኳ በር ዘጋ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለር ቻንስለር ሆነ። ማርች 3 ቴልማን ታሰሩ። ማርች 23 ሂትለር ያለ ምክር ቤት ሕግ እንዲያወጣ የሚፈቅደው አዋጅ ለድምፅ ሲቀርብ የኮሚኒስት ተወካዮች ታስረዋል፣ ተሰደዋል ወይም ተደብቀዋል። አዳራሹ በናዚ ታጣቂዎች ተከቦ ሳለ የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ኦቶ ቬልስ ተነሥተው የተቃውሞ ንግግር አደረጉ፤ 444 ሰዎች ሲደግፉ 94 ተቃወሙ። 94ቱም «ሶሻል ፋሺስቶቹ» ነበሩ።

በኦገስት 1944 ቴልማን ቡኸንቫልድ ካምፕ ውስጥ ተገደሉ። በዚያው ወር በዚያው ካምፕ የሶሻል ዴሞክራቶቹ አንጋፋ መሪ ሩዶልፍ ብራይትሻይድ በአየር ድብደባ ሞቱ። ናዚዎቹ የቴልማንን ግድያ ለመሸፈን ሁለቱም በድብደባው አብረው ሞቱ ብለው አወጁ። ኮሚንተርን «ሶሻል ፋሺስት» የሚለውን መስመር በ1935 ትቶት ነበር፤ ያኔ ግን ሁለቱም ፓርቲዎች ጀርመን ውስጥ ታግደው ነበር።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር አለ። ፍረጃው የሶሻል ዴሞክራቶቹን ስም ያን ያህል አልጎዳም፤ ድምፅ ሰጪያቸው በፊትም የሚያውቃቸው ሰው ነው። የጎዳው ፈራጁን ነው። እውነተኛውን አደጋ ከሐሰተኛው የሚለይበትን ዓይን ራሱ አጠፋው።

ለመለየት ደግሞ ነገሩ ምን እንደነበር ማወቅ ያሻል። ሙሶሊኒ በማርች 1919 ሚላን ላይ ንቅናቄውን ሲመሠርት አብረውት የነበሩት ጥቂት ነበሩ። ኃይል ያደረገው ቀጥሎ የመጣው ጥቁር ሸሚዞች የሚባሉት ታጣቂዎቹ ዘመቻ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ማቃጠል፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማፍረስ፣ የተመረጠ ከንቲባን ደብድቦ ማስለቀቅ። የፋሺዝም ታሪክ አጥኚዎች በብዙ ነገር ባይስማሙም ጥቂት ምልክቶች ላይ ይገናኛሉ። ወገናችን ተዋርዷልና በደም ታድሶ መነሣት አለበት የሚል የከረረ ብሔርተኝነት፣ የፓርቲው የራሱ የሆነ ታጣቂ፣ ዓመፅን እንደ በጎ ምግባር ማወደስ፣ ምርጫን መውጫ መሰላል አድርጎ ከወጡ በኋላ መሰላሉን ማንሣት፣ ሕዝቡንም በዩኒፎርም አሰልፎ ለጦርነት ማዘጋጀት። ኢጣልያ በ1935 እና በ1936 ኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ስታዘንብ ያ ሁሉ ወሬ ወደ ተግባር ተለወጠ።

ይህን ከተራ አምባገነንነት የሚለየው አንዱ ነገር አምባገነን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ዝም እንዲል የሚፈልግ መሆኑ ነው። የፖርቱጋሉ ሳላዛር በ1934 የአገሩን ሰማያዊ ሸሚዝ ለባሽ ፋሺስቶች አፈረሳቸው። የሮማኒያው ማርሻል አንቶኔስኩ በጃንዋሪ 1941 የብረት ዘብ የሚባለውን የፋሺስት ንቅናቄ በጦር ደመሰሰ። አንቶኔስኩ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዶችን ያስፈጀ ሰው ነው። ፋሺስት አልነበረም ማለት ንጹህ ነበር ማለት አይደለም። ከልቅ ፍረጃ በስተጀርባ ያለው ትልቁ ስሕተት ይህ ይመስለኛል፤ ክፉ ሁሉ ፋሺስት መባል አለበት፣ ካልተባለ ክፋቱ ያንሳል የሚል ስሜት። ሰው የሚገድል መንግሥትን ለመቃወም ሰው ይገድላል ማለት ይበቃል።

ፍረጃው ከተራ ሰው አፍ ወጥቶ የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይከፋል። አሜሪካዊው ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ በፌብሩዋሪ 1950 በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተሰገሰጉ ኮሚኒስቶች ዝርዝር አለኝ አሉ። መጀመሪያ 205 ናቸው እንዳሉ ተዘገበ፤ ቀጥሎ 57 ሆኑ፤ ሴኔት ፊት ሲቀርቡ 81። ቁጥሩ መዋዠቁ አላስቆማቸውም፤ ሴኔቱ እስኪያወግዛቸው ድረስ 4 ዓመት ከ10 ወር ገደማ አለፈ። ማንዴላ ራሳቸው የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተቀበሉ ከ15 ዓመት በኋላ፣ እስከ 2008 ድረስ፣ በአሜሪካ የሽብር መቆጣጠሪያ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ፤ ስማቸውን ለማስወጣት ሕግ ማውጣት አስፈልጓል።

የሩሲያ የጽንፈኝነት ሕግ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። ሕጉ የወጣው በ2002 ሲሆን፣ የአውሮፓ ምክር ቤት የሕግ አማካሪ የሆነው የቬኒስ ኮሚሽን በ2012 ትርጓሜው ከልክ በላይ ሰፊ ነው፣ ዓመፅ የሌለበትን ድርጊት ጭምር ያካትታል ሲል ተችቶታል። በ2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የይሖዋ ምሥክሮችን ጽንፈኛ ብሎ አገደ፤ ጠመንጃ አንይዝም ብለው ለውትድርና እንኳ የማይመዘገቡ ሰዎችን። በ2022 የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ጽንፈኛ ተባለ። በ2023 «ዓለም አቀፍ የኤልጂቢቲ ንቅናቄ» ተመሳሳይ ውሳኔ ደረሰበት፤ በዚያ ስም የሚጠራ፣ ቢሮ ወይም አባልነት ያለው ድርጅት የለም። የሌለ ማኅበር ሲታገድ አባሉ ማን እንደሆነ የሚወስነው ያገደው ነው። በፌብሩዋሪ 2022 ቭላድሚር ፑቲን ጦር ወደ ዩክሬን ሲያዘምቱ ከዓላማዎቹ አንዱ አገሪቱን «ከናዚ ማጽዳት» ነው አሉ። የዩክሬን ፕሬዚዳንት አይሁዳዊ ናቸው፤ በ2019 ምርጫ አክራሪ ብሔርተኞቹ በአንድ ዝርዝር ተሰባስበው ያገኙት ድምፅ 2.15 በመቶ ነው። አክራሪዎች የሉም ማለት አይደለም፤ አሉ። 2 በመቶውን የአንድ አገር ስም ማድረግ ግን ጦር የሚያዘምት ፍረጃ ነው።

ዓለም አቀፉ ሕግም ብዙ አይረዳም። የተባበሩት መንግሥታት ሁሉም አገር የተስማማበት የሽብርተኝነት ትርጓሜ እስካሁን የለውም። ድርጅቱ ስለ «ዓመፀኛ ጽንፈኝነት» ያወጣው የድርጊት መርሐ ግብርም ትርጉሙን ለየአገሮቹ ነው የተወው። እያንዳንዱ መንግሥት የየራሱን መለኪያ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው፤ ደቡብ አፍሪካ በ1950 እንዳደረገችው።

በዚህ ሁሉ መሐል መለኪያ ለማበጀት የሞከረ አገር ቢኖር፣ ካየችው የተነሣ፣ ጀርመን ናት። የሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤቷ «ራዲካል» እና «ጽንፈኛ» የሚሉትን ይለያል። ካፒታሊዝም ከሥሩ ይቀየር የሚል ሰው ራዲካል ነው፤ ሕገ መንግሥቱን እስካከበረ ድረስ መብቱ ነው። ጽንፈኛ የሚባለው የዴሞክራሲውን መሠረት፣ የሰውን ክብርና ሕግ ፊት እኩል መሆንን፣ ለማፍረስ የሚሠራው ነው። በጃንዋሪ 2017 የፌዴራሉ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ኤንፒዲ የተባለውን የቀኝ ጽንፈኛ ፓርቲ ጉዳይ ሲወስን ዓላማው ጸረ ሕገ መንግሥት ነው፣ ከናዚዎቹም ጋር ዝምድና አለው አለ፤ ግን አላገደውም፤ ዓላማውን ለማሳካት አቅም የለውምና። ጥቃቅን ቢመስልም ከባድ ልዩነት ነው፤ ምን እንደምትፈልግ አንድ ጥያቄ፣ ምን ልታደርግ እንደምትችል ሌላ ጥያቄ።

ሌላም አለ። በ2019 የአይዜናህ ከተማ አስተዳደር አማራጭ ለጀርመን የተባለው የቀኝ ክንፍ ፓርቲ የቱሪንገን ክፍለ ግዛት መሪ በሆነው በብዮርን ሆከ ላይ ሰልፍ የጠሩ ሰዎች «ፋሺስት» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ ከለከለ። ሰልፈኞቹ ወደ ማይኒንገን አስተዳደራዊ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የፖለቲከኛውን ጽሑፍና ንግግር እየጠቀሱ ለምን እንዲህ እንደሚሉት አስረዱ። ፍርድ ቤቱ ክልከላውን ሻረ። ሰውየው ፋሺስት ነው አላለም። ያለው፣ አባባሉ ሊመረመር በሚችል ማስረጃ ላይ የቆመ አስተያየት ነውና አይከለከልም ነው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም፤ ቃሉ አልታገደም፣ በነጻም አልተለቀቀም፤ ተናጋሪው ምክንያቱን ይዞ እንዲመጣ ተጠየቀ።

ምክንያት ይዘው የመጡ ሰዎች ይስማማሉ ማለትም አይደለም። አሜሪካዊው የፋሺዝም ታሪክ ሊቅ ሮበርት ፓክስተን ዶናልድ ትራምፕን ፋሺስት ለማለት ለዓመታት እምቢ ሲሉ ቆዩ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ሰዎች የምርጫውን ውጤት ለመቀልበስ ምክር ቤቱን ሲወርሩ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ምርጫ ለመገልበጥ ዓመፅን በግልጽ ማበረታታት ቀይ መስመር ማለፍ ነው ብለው ጻፉ። የናዚ ጀርመን ታሪክ አዋቂው እንግሊዛዊ ሪቻርድ ኢቫንስ በዚያው ወር አልተስማሙም፤ ፋሺዝም ወረራንና ማኅበረሰቡን በወታደር ሥርዓት ማደራጀትን መሐል ያደረገ ነው፣ ይህ እዚህ የለም አሉ። ማንኛቸው ልክ እንደሆኑ አንባቢ ይፈርዳል። መፍረድ የሚችለው ግን ሁለቱም የሚለያዩበትን ነጥብ ስለተናገሩ ነው። ከዚህ ክርክር አጠገብ «ፋሺስት ነህ፣ አይደለሁም» የሚለውን የአየር ሰዓት ማስቀመጥ ያሳፍራል።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ቀላል አይደለም። ምልክቱ ሁሉ እስኪሟላ ከጠበቅን ይረፍዳል ይላል። ሂትለር ቻንስለር ከሆነበት ቀን ያለ ምክር ቤት ሕግ እንዲያወጣ እስከፈቀደለት አዋጅ ድረስ 52 ቀን ነው የፈጀው፤ በ52 ቀን ውስጥ ማን ማስረጃ ይሰበስባል?

መልሱን ከኢጣልያ ነው የማገኘው፤ ሙሉ መልስ ባይሆንም። ሜይ 30 ቀን 1924 የሶሻሊስት ተወካዩ ጃኮሞ ማቴዮቲ ሮም ላይ በምክር ቤቱ ተነሥተው ስለ ኤፕሪሉ ምርጫ ተናገሩ። ፋሺስቶቹ ራሳቸውን ፋሺስት ስለሚሉ ቃሉን መወርወር ትርጉም አልነበረውም። ማቴዮቲ የዘረዘሩት ድርጊት ነው፤ እጩ ተወዳዳሪዎች የት እንዳይንቀሳቀሱ እንደታገዱ፣ የትኛው ስብሰባ በዱላ እንደተበተነ፣ ታጣቂዎች በድምፅ መስጫው ጣቢያ ምን ያደርጉ እንደነበር። በጩኸት እየተቋረጡ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሙ። ከዚያ በፊትም የአንድ ዓመት የፋሺስት ጥቃትን በቦታና በቀን እየለዩ የመዘገቡ ሰው ናቸው። ከ11 ቀን በኋላ ታፍነው ተገደሉ። ገዳዮቹ ከሙሶሊኒ ቢሮ ጋር ያላቸው ትስስር ሲወጣ መንግሥቱ ተናጋ፤ በጃንዋሪ 3 ቀን 1925 ሙሶሊኒ ራሱ በምክር ቤቱ ቆሞ ለሆነው ሁሉ ፖለቲካዊ፣ ሞራላዊና ታሪካዊ ኃላፊነቱን እኔ ብቻ እወስዳለሁ አለ፤ ፋሺዝም የወንጀለኞች ማኅበር ከሆነ የማኅበሩ አለቃ እኔ ነኝ ሲልም ጨመረ።

ማስረጃው በጊዜው ነበረ ማለት ነው፤ ከተከሳሹ አፍ ሳይቀር። ተቃዋሚዎቹ ከግድያው በኋላ ምክር ቤቱን ጥለው ወጥተው ንጉሡ ሙሶሊኒን እንዲያሰናብት ሲጠብቁ፣ ኮሚኒስቶቹ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ እንጥራ አሉ፤ ሌሎቹ እምቢ ሲሏቸው ተለይተው ወደ ምክር ቤቱ ተመለሱ። ንጉሡ አላሰናበተውም። በ1926 መጨረሻ ኢጣልያ ውስጥ ከፋሺስቱ በቀር ሕጋዊ ፓርቲ አልነበረም።